አንሶላውን ማን አነጣው?

የወንድሜን ፎቶ በልብስ ማጠቢያ ቤታችን መግቢያ ላይ ሲሰቅሉት መሰላሉን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ፎቶው ላይ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ክራቫቱን አጥብቆ፣ ሩቅ ቦታ የሚያይ መስሎ ቆሟል። ከሥሩ በወርቃማ ፊደል «ቤቱን ከውድቀት ያነሳ መሪ» ይላል። ያ ሩቅ ቦታ የፎቶ አንሺው ጃንጥላ እንደነበር አውቃለሁ፤ አብሬው ነበርኩ፤ ሸሚዙንም የተኮስኩለት እኔው ነኝ።

ቅናት እንዳይመስላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እናታችን ሥራ ስትውል በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት። ሲመረቅ እልል ያልኩት እኔ፣ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ እኔ የምሠራበት ቤት ሲመደብ ለሠፈሩ ሁሉ ያወራሁት እኔ። ሠራተኛው «ክራቫት» የሚል ስም ሲያወጣለት ሳምንት ሙሉ ያኮረፍኩትም እኔ ነኝ። ግን ሰውን ስንወድ ውሸቱንም አብረን እንዋጥ ያለው ማነው? እኔ አልዋጥኩም። ዛሬም አልውጥም።

ቤታችን የሆቴሎችንና የአንድ ትልቅ ሆስፒታልን አንሶላ፣ ፎጣና የጠረጴዛ ልብስ ነው የሚያጥበው። ግቢው ውስጥ ስትገቡ በስተግራ የማሽኖቹ አዳራሽ፣ በስተቀኝ መተኮሻው፣ ከኋላ ደግሞ ትልቅ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል አለች። መለያ ክፍል ትባላለች። እዚያ የምንሠራው አራት ሴቶች ነን፤ አለቃቸው እኔ ነኝ። የቆሸሸው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እኛ ጋ ነው። እኔና ታላቃችን እቴቴ አንሶላውን ከሁለት ጫፍ ይዘን ወደ መስኮቱ ብርሃን እናነሳዋለን። ሳቂታ የምንላት እድፉን አይታ ስሙን ትጠራለች። ወርዋሪዋ ተቀብላ ወደየቅርጫቱ ትወረውራለች። «ደም!» ከተባለ ቀዝቃዛ ውሃ፣ «ዘይት!» ከተባለ ሙቅ ውሃና ሳሙና፣ «ዝገት!» ከተባለ በረኪና እንዳይነካው ለብቻው። ከጠዋት ጀምሮ እንጮሃለን። መንገደኛው ጠብ የተነሳ እየመሰለው በአጥር አሾልቆ ያየናል።

ይህ ጥሪ ድሮ አልነበረም። ድሮ እድፍ የምናየው በየግላችን፣ አፋችንን ዘግተን ነበር። የተሳሳተ ሰው ይባረር ስለነበር የተበላሸ ጨርቅ ያገኘች ሁሉ ከሥር ትደብቀዋለች። ሆቴሎቹም አንሶላችሁ ግራጫ ሆነብን እያሉ አንድ በአንድ ጥለውን ሄዱ። ወንድሜ በመጣ ሰሞን ደግሞ ጭራሽ ጉድ ፈላ። በጥድፊያ የሆስፒታሉን ልብስ ሳንለይ በሙሉ ሙቅ ማሽን ውስጥ ከተትነው። ደም ሙቅ ውሃ ከነካው ይበስላል፤ ከበሰለ በኋላ ጨርቁ ያልቃል እንጂ እሱ አይለቅም። የቀዶ ጥገናው አንሶላ በሙሉ ቡናማ ሆኖ ወጣ። የሆስፒታሉ ዋና ነርስ፣ ሲስተር ራሷ፣ ክምሩን ታቅፋ መጣች።

«ይህን ያደረገው ማነው? ስሙን ስጡኝና ለማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ይዤ እሄዳለሁ። ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ካልወጣ ውላችን ፈረሰ!» አለች።

እኔ የት ነበርኩ? ከቅርጫቱ ኋላ። ተንበርክኬ። ቀብር ላይ እንኳ የምትስቀዋ ሳቂታ አጠገቤ ተንበርክካ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ወንድሜ ያኔ ማሽኑ በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ አያውቅም ነበር። ከቢሮው ወጣና «እኔ ነኝ ሲስተር። የእኔን ስም ይያዙ» አላት። ሲስተር ከላይ እስከ ታች አየችው። ባለቤቷ ራሳቸው በቅርቡ የሾሙት ሥራ አስኪያጅ አበላሸው ብላ ለማን ልትናገር? አንሶላውን እግሩ ሥር ወርውራ ሄደች። ውሉም አልፈረሰ፣ ከእኛም አንዲት አልወጣች።

ነገሩ የተለወጠው ያኔ ነው። በማግስቱ ሳቂታ አንሶላ አየችና እንደ ታክሲ ረዳት «ደም፣ ደም፣ ደም! አንድ ሰው የቀረው!» ብላ ስትጮህ በሳቅ ሞትን። ቀልድ ነበር። ወርዋሪዋም «ኧረ ይሄ ዘይት ነው፣ ዓይንሽን ክፈቺ!» አለቻት። መሳሳት አያስፈራማ! የሚባረር ስለሌለ የሚደበቅም አልነበረም። ቀልዱ ሥራ ሆኖ ቀረ፤ አንሶላው ነጣ፤ ያኮረፉት ሆቴሎች ተመለሱ። አዲሱ ትልቁ ማሽን የተገዛው ከዚያ በኋላ፣ ሥራው ሲበዛብን ነው። ይህችን ያዙልኝ።

አንድ እሁድ እማዬ ቤት ምሳ ተቀምጠናል። እማዬ እንደ ልማዷ ለእሱ ሾርባውን ደግማ ጨለፈችለት፤ እኔን ረሳችኝ።

«እታለም» አለኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው የሚጠራኝ። «ዓርብ የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ይመጣሉ። ሊሸልሙኝ ነው። የሦስቱ ቅርንጫፎች ዋና ሥራ አስኪያጅ መሆኔ ነው።»

እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ተነስቼ ጉንጩን ሳምኩት፤ ከልቤ ነው የሳምኩት።

«አንቺ ደግሞ ሠራተኛውን ወክለሽ ትናገሪያለሽ።»

«ምን ጠፍቶ!»

«ሌላ ደግሞ…» አለና ዳቦ ቆረሰ። «መለያ ክፍሉ ይዘጋል።»

የጎረስኩት አፌ ውስጥ ቀረ። «ምን አልክ?»

«ለባለቤቷ ባቀረብኩት ሪፖርት ላይ ለውጡ የመጣው በአዲሱ ማሽንና በአመራር ስልት መሆኑን አስረድቻለሁ። እሳቸውም እንዲያ ከሆነ አራት ሰው አንሶላ ላይ ቆሞ የሚጮኸው ለምንድን ነው አሉ። ትክክል ናቸው። አንቺ አታስቢ፤ አንቺን ይዤሽ እሄዳለሁ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሥራ ይፈልጋሉ እንግዲህ።»

«ወንድምዬ፣ ማሽኑ እኮ የመጣው ሆቴሎቹ ከተመለሱ በኋላ ነው! ያነጣው ጥሪው ነው። ጥሪው የመጣው ደግሞ አንተ ያን ቀን ለሲስተር…»

«ያን ቀን አታንሺብኝ!» ብሎ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ውርደት ነው። ሦስት ቅርንጫፍ የሚመራ ሰው፣ ሴትዮ አንሶላ እግሩ ሥር ወረወረችበት ተብሎ ይወራ?»

እማዬም «ልጁ በሰላም ይብላበት!» ብላ ጮኸችብኝ።

እኔን ያንገበገበኝ መዋሸቱ አይደለም፤ ማመኑ ነው። ቢዋሽ ኖሮ ዓይኔን ሲያይ ያፍር ነበር። እሱ ግን ከሠራው ሁሉ ደጉን ነገር እንደ ነውር ደብቆ፣ ያልሠራውን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ተረጋግቶ ሾርባውን ይጠጣል። ምስጋናውን ይውሰድ፣ ምን ቸገረኝ! ግን ያነጣሁት እኔ ነኝ ሲል እነ እቴቴ ትርፍ ሰው ሆነው ቀሩ። በሱ ሙገሳ የሦስት ሴቶች ጉሮሮ ሊዘጋ ነው።

ሰኞ ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ልጆቿን በዚያች ክፍል ደሞዝ ያሳደገችው እቴቴ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ሳቂታ ልትስቅ ጀመረችና ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠ።

«ታዲያ አንቺ ዓርብ ምን ልትዪ ነው?» አለችኝ።

«እውነቱን! ያነጣነው እኛ ነን እላለሁ። እኔ የምመራት ክፍል፣ እኔ ያስያዝኩት አሠራር…»

«ኧረ ቀስ!» አለች ሳቂታ። «አንቺ ያስያዝሽው? ጥሪውን ማን ጀመረው? ‹አፍሽን ዝጊ፣ ራሴን አዞርሽኝ› ያልሺኝ ማን ነበረች? ክራቫት ከእኛ ወሰደ ትያለሽ፤ አንቺ ደግሞ ከእኔ ልትወስጂ ነው?»

እቴቴ ከባልዲዋ ላይ ሆና «የአንሶላውን ሌላኛ ጫፍ የሚያነሳውስ የማን ክንድ ነው? የመንፈስ ነው?» ብላ ጨመረች።

ደሜ ፈላ። አለቃ ነኝ እኮ! ትንሽ ቆይቼ ግን ፊቴ በእፍረት ጋለ፤ የቤተሰብ በሽታ ሳይሆን አይቀርም።

«እሺ» አልኩ። «ለእያንዳንዱ የራሱን እሰጣለሁ። ለእሱም ቢሆን።»

ሐሙስ ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ይብረቀረቃል፤ ግድግዳው ላይ ምስክር ወረቀቶቹ ተደርድረዋል። እንዳነበው ያዘጋጀውን ንግግር ሰጠኝ። «ያለ እርሱ አመራር ምንም አልነበርንም» ይላል መጀመሪያው። ወረቀቱን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ይሄን አላነብም።»

«እታለም፣ አትድረቂ። ሲበላሽ የሚጠየቀው ማነው? መሪው። ሲቃና መሪው ቢመሰገን ምኑ ነው የሚያናድደው?»

ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ አልክድም። «አንተማ ሲበላሽ ተጠይቀሃል» አልኩት። «ያቺን እኮ ነው ላመሰግንልህ የምፈልገው! የጠላሃት አንተ ነህ።»

«በሰው ፊት እንዳታነሻት። እህቴ ነሽ፤ እንዳታዋርጂኝ።»

«እህትህማ ነኝ። ሌላ ሰው ብትሆን ግድም አልነበረኝ» ብዬው ወጣሁ።

ዓርብ ግቢው ታጥቦ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ድምፅ ማጉያ ተተከለ። የሆቴሎቹ ሰዎች በአንድ በኩል፣ ሠራተኛው በሌላ በኩል፤ እማዬ አዲሱን ሻርፗን ለብሳ ከፊት። ባለቤቷ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከዘራ የያዙ፣ ፈገግታ የሚቆጥቡ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። «ይህን ቤት ያነሳው አንድ ሰው ነው» ብለው ተናገሩና ስሙ የተቀረጸበትን የመስታወት ዋንጫ ለወንድሜ ሰጡት። ጭብጨባው ግቢውን አናወጠው። ከዚያ እኔ ተጠራሁ።

ማይኩን ጨበጥኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ እንግዶቻችን። የተጠራሁት ወንድሜን እንዳመሰግን ነው። አመሰግነዋለሁም፤ ግን በሠራው። አንሶላውን ማሽኑ አላነጣውም። ማሽኑ ሲመጣ ነጥቶ ነበር፤ የሆቴሎቹ ሰዎች መቼ እንደተመለሱ ራሳቸው ያውቁታል። ያነጣው ደሙን ከዘይቱ የሚለየው ጥሪ ነው። የጀመረችው ያቺ ሴት ናት፤ እኔማ ዝም በይ ብያታለሁ። ቀኑን ሙሉ አንሶላ የሚያነሳው የዚያች የታላቃችን ክንድ ነው። ሳትስት የምትወረውረው ከጎኗ ያለችው ናት። ወንድሜ የሠራው አንድ ነገር ነው። የሆስፒታሉን አንሶላ ያበላሸነው እኛ ሆነን ሳለ ‹እኔ ነኝ› ብሎ ወጣ። እኛ ከቅርጫት ኋላ ተደብቀን እሱ ብቻውን ቆመ። ያን ባያደርግ ዛሬም እድፍ እየደበቅን ነበር። ያችን ነገር ከእኛ አንዲትም ልታደርጋት አትችልም ነበር። ለዚያች አጨበጭብለታለሁ። ለቀረው አላጨበጭብም። ክፍላችንም አይዘጋ!»

ማይኩን ብብቴ ሥር ይዤ አጨበጨብኩ። ብቻዬን። እማዬ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ።

እትዬ አልተቆጡም፤ የባሰውም ይኸው ነው። «ጥሩ ተናገርሽ፤ ምስጋናው ለሁሉም ይገባል» አሉና ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው፣ «ዋንጫው ላይ ‹ከመላው ሠራተኛ ጋር› የሚል ይጨመርበት» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አሁን ነው ማጨብጨብ የመጣለት!

«ክፍሉስ?» አልኩ።

«ክፍሉ በተባለው መሠረት ይዘጋል።»

ወይ ጉድ! እንዲህም አድርጎ ማመስገን አለ? «እንግዲያው እትዬ፣ ‹መላው› የሚሉትን ይተዉልን!» አልኩ። «መላው ሠራተኛ ሲሉ ማንንም አላሉም። ጽሑፉ ይቅርብን፤ የምንፈልገው መስኮታችንን ነው!»

«አንቺ ልጅ፣ አንዱን ምረጪ» አሉ፤ ከዘራቸው መሬቱን መታ። «ቤቱን ያነሳው እሱ ከሆነ ክፍሉ ለምኔ ነው? ክፍሉ ከሆነ ደግሞ እሱ ለምኔ ነው?»

«ሁለቱም ነው እንጂ! እሱ ባይቆምልን ባልጠራን፣ እኛ ባንጠራ መቆሙ ምንም ባልሆነ!»

«ማይኩን ውሰዱባት» አሉ።

ሊወስድ የመጣው ወንድሜ ራሱ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከንፈሩ በልጅነቱ ሊያለቅስ ሲል እንደሚያደርገው ይንቀጠቀጣል። «ስጪኝ» አለ። ሰጠሁት። አለቀልኝ አልኩ በልቤ፤ እህቴን ራሷን አሟት ነው ብሎ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። እነ እቴቴን አየኋቸው፤ ሦስቱም እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

«እትዬ» አለ። «ሪፖርቱ ተሳስቷል። ማሽኑ የመጣው በኋላ ነው። እህቴ ያለችው እውነት ነው፤ ያን ቀን ስላፈርኩበት አልጻፍኩትም። ክፍሉ መዘጋት የለበትም።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «ሦስቱን ቅርንጫፍ የሰጠሁህ ያን ሪፖርት አምኜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሪፖርቱ ከተሳሳተ ሹመቱም ተሳስቷል።»

«አውቃለሁ እትዬ። ክፍሉ ከተዘጋ ግን ይህንንም ቤት አልመራም። ነገ ሲስተር ቡናማ አንሶላ ታቅፋ ብትመጣ የምመልስላት የለኝም።»

እትዬ ወደ ሆቴሎቹ ሰዎች ዞሩ። አብዛኞቹ ጫማቸውን ማየት ያዙ፤ አንደኛው ብቻ ጉሮሮውን ጠረገና «እኛ መቼም ውል ያለን ለነጭ አንሶላ ነው» አለ።

እትዬ ተነሱ። «ክፍሉ ይቆይ። አንተም እዚሁ ቆይ። ለሦስቱ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ጸሐፊያቸው ዋንጫውን ከወንድሜ እጅ ወስዳ ተከተለቻቸው።

ሳቂታ ከኋላ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። እቴቴ ወንድሜን ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን ሳመችው። እኔ ልቀርበው አልደፈርኩም።

ከዚያ እኔና ወንድሜ እማዬን ይዘን ወደ ቤቷ ሄድን። በሩ ሳይዘጋ እማዬ ፈነዳች።

«ልጄን በሰው ፊት ገፈፍሽው! የሦስት ቤት አለቃ ሊሆን የነበረውን! ደስ አለሽ አሁን? አንቺ አይደለሽ ይህን ያደረግሽ?»

የእኔም ደም ገና አልበረደም ነበር። «አዎ፣ እኔ ነኝ!» አልኳት። «ሹመቱንም ያስቀረሁበት እኔ ነኝ፣ ክፍሉንም ያተረፍኩት እኔ ነኝ! ነገም ቢሆን እደግመዋለሁ!»

«አይደለሽም» አለ ወንድሜ።

ዞር አልኩ። ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ እየጠቀጠቀ ነው።

«እማዬ፣ እሷ ተናገረች፤ ከዚያ ማይኩን ተቀማች። በዚያ ቢያበቃ ክፍሉ ተዘግቶ ነበር። ሹመቱን የተውኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልወሰደብኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። «እታለም፣ የቀረውን ሁሉ ውሰጂው፤ የእኔ አልነበረም። ይችን ግን አትንኪብኝ። ይች የእኔ ናት።»

ከኪሱ የተንጠለጠለውን የክራቫቱን ጫፍ ወደ ውስጥ አስገባሁለት።

«አልነካብህም» አልኩት።